እውነት ተናግረው ከክትባት ሰልፍ የተመለሱት የወይዘሮ ባየሽ ምንይችል ታሪክ

ወይዘሮ ባየሽ ምንይችል ከአባታቸው ከአቶ ምንይችል አዛናው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርካለም ይርዳው በደንቢያ፣ ጯሂት አካባቢ በየካቲት ወር 1986 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ፣ ከሴት ደግሞ የመጀመሪያዋ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በጯሂት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። መምህሩ ጥፋተኛ ሲፈልግ ሌላው አንገቱን ሲደፋ፣ እሳቸው ያጠፉ እንደሆነ ተነስተው ይቆሙ ነበር። አብሮ አደጎቻቸው “ባየሽ ባለችበት ማንጎ አይሰረቅም” እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር እናታቸው ዛሬም ይናገራሉ። አባታቸው በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው እናታቸውን ማገዝ ግድ ሆነባቸው።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት፣ ታላቅ ወንድማቸው አሸናፊ ምንይችል በመምህርነት ወደተመደበበት ወደ ኮኪት ወረዱ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ራሱን አንቱ ማለት ስለከበደው ይቅርታ ይደረግለት። ወይዘሮ ባየሽ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ምግብ በማብሰል ሥራ ጀመሩ። ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛው ማለት ነው፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው እንኳ “እታለም” ብሎ ነበር የሚጠራቸው። ወባ የጣለውን ሠራተኛ አጥሚት አሙቀው ከተኛበት ድረስ ይወስዱለታል፤ የታመመ መስሎ ሥራ የሸሸውን ደግሞ በሰው ፊት ያስነሱታል።

በ2009 ዓ.ም. በዚያው እርሻ ትራክተር ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ባየልኝ ጋር በሥርዓተ ጋብቻ ተጣምረው ለይኩን የተባለ ወንድ ልጅና ሮዳስ የተባለች ሴት ልጅ አፍርተዋል። ለይኩን በ2011 ዓ.ም. ሲወለድ እንደ አገሩ ልማድ እንገሩ ታልቦ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሕፃኑም በምትኩ ቅቤ ዋጠ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሮዳስ ስትወለድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ እንገር የሕፃን የመጀመሪያ ክትባት ማለት ነው ብላ አስተምራቸው ነበር። አማታቸው ሊያልቡ ቢቀርቡ፣ “የወለድኩት ለመሬት ነው ወይ? ትጥባው!” ብለው ልጃቸውን አቀፉ። ከዚያ ወዲያ የደፈራቸው የለም።

እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም የሕይወት ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በተለመደው የሐዘን ድምፅ ማንበብ አንችልም፤ ቤተሰቡ ተቆጥቷል፣ ቁጣውንም አይደብቅም።

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ኮሌራ በአካባቢያችን ገባ። ሰኔ 25 ቀን በአፍ የሚሰጥ ክትባት የያዘ ቡድን ወደ ካምፑ መጣ። ይህ ክትባት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የስድስት ወሯ ሮዳስ እንግዲህ ከእናቷ ጡት በቀር ሌላ መከታ አልነበራትም። ወይዘሮ ባየሽም ይህንኑ አስበው፣ ሮዳስን አዝለው ከማለዳው ተሰለፉ። ከፊታቸው የባለሱቁ የአቶ በሽር ባለቤት፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ መስቱራ ነበሩ። ወይዘሮ መስቱራ የአራት ወር ልጃቸውን ሳጂድን ለአማታቸው ለወይዘሮ ኩብራ ትተው ነው የመጡት።

የቡድኑ መሪ ሴቱን ሁሉ “ታጠቢያለሽ?” እያለ ይጠይቃል። አዎ ያለችው ወደ ዳር ትወጣለች። ወይዘሮ መስቱራ ይህን አይተው የተከናነቡትን ቶብ በደረታቸው ላይ አጠበቁና፣ “ኻላስ፣ ጡት አስጥያለሁ” አሉ። ክትባቱን ዋጡ፣ ጣታቸውም ቀለም ተቀባ። ቀጥሎ ወይዘሮ ባየሽ ተጠየቁ። ሮዳስን ከጀርባቸው ማውረድ፣ ወይም የእህቴ ልጅ ናት ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ያው ባየሽ ናቸው፤ “አዎን፣ አጠባለሁ” አሉ።

“እንግዲያስ አይሆንም፤ ወተቱ ውስጥ ይገባል” ተባሉ።

እኛም እንጠይቃለን፤ ምኑ ነው የሚገባው? እናት ስትከተብ ሰውነቷ በሽታውን የሚዋጋ መከላከያ ይሠራል፤ ያ መከላከያ በጡቷ አልፎ ለልጇ ይደርሳል። ለሮዳስ የሚያስፈልጋትም ይኸው ነበር። ከዓመታት በፊት ስለ ቢጫ ወባ ክትባት የተነገረን ጥንቃቄ ይዞ፣ በእጁ ያለውን መመሪያ ገልጦ ሳያነብ፣ ለኮሌራ ክትባት ያዋለ ሰው ነው እናትንም ልጅንም ባዶ እጃቸውን የሰደደው። አለማወቅን ማን ይኮንናል? ሳያውቁ አዋቂ ነኝ ብሎ ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥ ግን ያስጠይቃል። ስሙን እዚህ ያልጻፍነው ልጆች ስላሉት ነው።

ቁጣችን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቀርም። ወይዘሮ ባየሽ ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድማቸው ሄደው ምክር ጠይቀዋል። “ሮዳስን ለመስቱራ ሰጥቼ፣ አላጠባም ብዬ ብመለስስ ወንድምዓለም?” አሉት። መምህር ነውና መዝገብና ወረቀት ያከብራል፤ “በመንግሥት መዝገብ ላይ ውሸት አታስጽፊ፤ ነገ እኔ አነጋግራቸዋለሁ” አላቸው። እሳቸውም ታላቃቸውን ሰምተው ተመለሱ። በማግሥቱ ሄዶ ሲጠይቅ ቡድኑ ጠቅልሎ ወደ ሽንፋ አልፏል። ተከትሎ ሽንፋ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። የፈተና ወረቀት የሚያርምበት ሳምንት ነበርና።

ሐምሌ 30 ቀን ወይዘሮ ባየሽ ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። ባለቤታቸው አቶ ባየልኝ ጭቃው መኪና ስላላሳለፈ በትራክተር ጭነው ወደ ሕክምናው ድንኳን አደረሷቸው። ሮዳስም በማግሥቱ ታመመች። በዚያ የነበረችው ነርስ፣ አቅም እስካላቸው ድረስ ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ ነገረቻቸው፤ በሁለት ክንዳቸው ጉሉኮስ ተሰክቶ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አጋድመው አጠቡ። አቅም ሲያንሳቸው አቶ ባየልኝ ሕፃኗን ደግፈው ይይዙላቸው ነበር። ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ሲገባ ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ “አነጋገርሃቸው?” ቅዳሜ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በበሽታው ምክንያት ቀብራቸው በሰባት ሰው ብቻ ተፈጸመ። እናታቸው ከጯሂት ሲደርሱ አፈሩ ተመልሷል። ይህ ታሪክም በቀብራቸው ሳይሆን ዛሬ፣ መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአርባቸው የሚነበበው ለዚህ ነው።

ሮዳስ ግን ነፍሷ አልወጣም ነበር። ከድንኳኑ ስትመለስ በማንኪያ የሚሰጣትን ሁሉ እየተፋች ታለቅሳለች። የሚቀመጥላት ወተት የለ፣ የሚታመን ውኃ የለ። ወይዘሮ መስቱራ ወሬውን ሲሰሙ ሳጂድን እንዳቀፉ መጡ፤ ሳያስፈቅዱ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው በአንዱ ጡት ሳጂድን፣ በአንዱ ሮዳስን ያዙ። “እኔ ዋሽቼ ድኜ እሷ እውነት ተናግራ ሞተች፤ ይህን ጡት ለማን ላስቀምጠው?” እያሉ ያለቅሱ ነበር።

በዚያ ሰዓት የልጅቱ ክርስትና ሊፈርስ ነው ብለው የተነሱ ዘመዶች እንደነበሩ ይታወቅ። የእስላም ጡት አይነካትም አሉ። ከእነርሱ መካከል አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ የመጣ ግን አልነበረም። አቶ ባየልኝ፣ “ከእናንተ የምታጠባ ካለች ትምጣና ትውሰዳት” ቢሏቸው አንድ በአንድ ወጡ። ቄሱ በኋላ ተጠይቀው፣ ሕፃን በወተት ከሃይማኖቷ አትወጣም ብለዋቸዋል፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን እስካሁን የለም።

ሮዳስ በነሐሴ መጨረሻ መዳህ ጀመረች። ምን እንዳተረፋት ጠንቅቆ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። በኋላ ያነጋገርናት ሐኪም ግን መመሪያውን ገልጣ አሳየችን፤ የምታጠባ እናት የኮሌራ ክትባት እንድትወስድ የሚከለክል አንድ መስመር የለበትም። ያን ገጽ ወንድማቸው ሃምሳ ቅጂ አባዝቶ ከዚህ ጽሑፍ ጋር አያይዞታል። እባካችሁ ለመቀመጫ አታድርጉት።

ወይዘሮ ባየሽ ምንይችል እናታቸውን ወይዘሮ ሰርካለም ይርዳውን፣ ባለቤታቸውን አቶ ባየልኝን፣ ልጆቻቸውን ለይኩንና ሮዳስን፣ ሦስት ወንድሞችንና አንዲት ታናሽ እህትን ትተው አልፈዋል። እንዲሁም የሮዳስን የጡት እናት ወይዘሮ መስቱራንና የጡት ወንድሟን ሳጂድ በሽርን። እነዚህ ሁለት ስሞች በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገቡ ትናንት ሽማግሌ ተልኮብን ነበር። ሽማግሌዎቹን አክብረን ሸኝተናል፤ ስሞቹም ገብተዋል።

የፊታችን ቅዳሜ መስከረም 10 ቀን ሁለተኛው ዙር ክትባት በዚያው ካምፕ ይሰጣል። እዚህ የተቀመጣችሁ አራስና አጥቢ እናቶች፣ ልጆቻችሁን አዝላችሁ ኑ። ለማንም አትዋሹ። የሚመልሳችሁ ሰው ቢኖር ወንድማቸው ከማለዳ ጀምሮ መመሪያውን ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ትምህርት ቤቱን አስፈቅዷል፤ ባይፈቅድለትም ይቆም ነበር።

ለልጆቻቸው ዕድሜ፣ ለእናታቸው መጽናናት ይስጥልን። የእህታችንን ነፍስ አምላክ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ በዚያኛው ደጅ የሚጠየቁት ጥያቄ ካለ መቼም እውነቱን ይናገራሉና፣ አሁንስ የሚመልሳቸው አይኑር።