ይህ ቀለበት የእሷ አይደለም

በካሜራ ፋብሪካው የመግጠሚያና የማጋጠሚያ ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ ለሆኑት፣ ለክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዓይንዎ አይደብዝዝ፣ አንገትዎ አይጣመም፣ ጥርስዎም ሙሉ ሆኖ ይቆይልዎ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ በእኛ በኩል ሦስቱም የጎደሉበት ሰው ስላለ ዋጋቸውን በሚገባ አውቀነዋል።

በመቀጠል፣ በታላቅ ሐዘን፣ በተሰበረ ቀኝ ክንድና ጽሕፈት ባልለመደ ግራ እጅ የማሳውቅዎ ከባድ ነገር ስላለ እባክዎ ወንበር ይሳቡና ይቀመጡ፤ አንድ ክብ ብረት አልገባም። መርዶው ይኸው ነው።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። ካሜራዬ የእርስዎ፣ ሌንሴ የሌላ ፋብሪካ ነው። ሁለታችሁም ሙያችሁን ታውቁበታላችሁ፤ ነገር ግን አንድ ግቢ እንደሚጋሩ ኩርፈኛ ወንድማማቾች፣ የእናንተ ወደ ቀኝ ሲዞር የእነሱ ወደ ግራ እንዲዞር የተማማላችሁ ይመስላል። እኛም ጠባችሁን ለማብረድ በሁለቱ መሐል አንድ ክብ ብረት እናስገባለን፤ በአንድ ጎኑ የእናንተን ካሜራ፣ በሌላ ጎኑ የእነሱን ሌንስ ይይዛል። አስታራቂ ነውና ጉድለት አያጣም፤ እሱ የገባባት ካሜራ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አጥርታ አታይም። በእኛ ሙያ ይህ ብረት «ቀለበት» ይባላል። ክቡርነትዎ ይህን ቃል ይያዙልኝ፤ ክንዴን የሰበረው እሱ ነው።

አቤቱታዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ክቡርነትዎ «ለተሻለ ጥራት» በሚል የአዲሲቱን ካሜራ አፍ በፀጉር ውፍረት ያህል በማጥበብዎ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጥራቱን እስካሁን ባላገኘውም ጥበቱን አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የአሮጌዋ ካሜራ ቀለበትና የአዲሲቱ ቀለበት መንታ መስለው በአንድ ቦርሳ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ ላስገባ ያለ ሰው ግን ምን እንደሚያገኘው ከዚህ በታች ተመልክቷል።

2ኛ. የታናሽ እህቴ ሠርግ ነበር። ሙዚቃው ቆሞ፣ አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ ሙሽራው የእህቴን ጣት ይዟል። እኔ ከቦርሳው ያወጣሁትን ቀለበት በአዲሲቱ ካሜራ ላይ ባዞረው፣ ብገፋው፣ ብለማመጠው እምቢ አለኝ። ቪዲዮ ቀራጩ ባልደረባዬ፣ በሰው ጉዳይ አፍንጫውን ስለሚያስጠጋ «ዙም» የምንለው፣ ያለው በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው። የቆምኩት ከመድረክ መሪው ማይክሮፎን አጠገብ መሆኑን፣ ማይክሮፎኑም አለመዘጋቱን ልብ አላልኩም። ካሜራን በሴት መጥራት ደግሞ የሙያችን ልማድ ነው። እናም በሙሉ ድምፄ፦

«ኧረ ይሄ ቀለበት የሷ አይደለም! የሌላዋ ነው!» አልኩ።

ዙም ከወዲያ ማዶ በቅንነት መለሰ፦ «እንዴ! ትናንት ለአሮጊቷ ስናደርግላት ልክክ አላለም?»

«የአሮጊቷማ ሰፊ ነው! ይቺ አዲስ ናት፣ እምቢ አለች እኮ!»

«በቃ አውልቅና ወዲያ በለው!»

ክቡርነትዎ፣ ሙሽራው ከእህቴ በፊት በዕድሜ ከምትበልጠው ሴት ጋር ተጫጭቶ ነበር የሚል ሐሜት እናቴ ጆሮ ከገባ ሰንብቷል። እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ጨዋ ሴት ናት። ያን ቀንም ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ያደረገችው የውሃ ጠርሙሱን ነው። ጠርሙሱ ለሙሽራው ቢወረወርም፣ ሙሽራው ጎንበስ በማለቱ የእናቱን ቅንድብ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ ከመዘርዘር፣ ያልተመታውን መቁጠር ይቀላል።

የሙሽራው አጎት ሰውን ከነወንበሩ ስለሚያነሣ «ክሬን» ይባላል። ያን ዕለት አጎቴን ከነወንበሩ አንሥቶ ያለ ወንበሩ አስቀመጠው። አክስቴ የተረከዝ ጫማዋን አውልቃ፣ ቆርቆሮ እንደሚመታ አናጺ በክሬን ጭንቅላት ላይ ሥራ ጀመረች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ የኪቦርዱን እግር ነቅሎ በሁለቱም ወገን ላይ በእኩልነት አሳረፈው። የሙሽራው ወንድም የፊት ጥርስ ኬኩ ውስጥ ተገኘ። የአጎቴ ልጅ የጆሮ ጫፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የኬክ መቁረጫው ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብዙዎች አይተዋል፤ ኬክ ሲቆርጥ ግን ያየው የለም። ዙም የካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ አፍንጫውን እስኪሰብርለት ድረስ ቀረጻውን አላቋረጠም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ጣራውን ብቻ የሚያሳይ ሲሆን ድምፁ ግን ለሕፃናት አይሆንም።

እኔ ካሜራዋን በአንድ እጄ፣ ሌንሱን በሌላው ይዤ «የሌንስ ነው! ቀለበት ያልኩት የሌንስ ነው!» እያልኩ ስጮህ፣ ክሬን ወንበር ይዞ መጣ። ወንበሩ ሌንሱ ላይ ወረደ፤ ሌንሱ ቀለበቱ ላይ፣ ቀለበቱ ካሜራዋ ላይ፣ ሁሉም በአንድነት ክንዴ ላይ። «ቋ!» ያለው ድምፅ የክንዴ ይሁን የካሜራዋ አልለየሁትም። ካሜራዋ ከእጄ አምልጣ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

3ኛ. ሦስተኛው ተዘሏል፤ ግራ እጄ ደክሞታል።

4ኛ. እህቴ ሳትሞሸር ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። ምግብ ስናቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እኔን ስታይ ደግሞ ካጠገቧ የተገኘውን ዕቃ ታነሣለች። ሙሽራው በራችን ድረስ ይመጣል፤ ክሬን ይደርስና በኮሌታው አንጠልጥሎ ይወስደዋል። የሙሽራው እናት ቅንድቧን በፋሻ እንደታሰረች «ድሮም ብያለሁ፣ ከሌላ ቤት የመጣ ከኛ ጋር አይገጥምም» ትላለች። እናቴ ደግሞ ይህንኑ ቃል በቃል ትላለች፤ በሕይወታቸው የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የሁለቱ ቤት ትልልቅ ሰዎች ቀለበት የሚባል ሌላ ነገር መኖሩን በማስረጃ አሳየን አሉኝ። እንዳላሳይ፣ ቀለበቱ በካሜራዋና በሌንሱ መሐል ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ ከውጭ አይታይም። ዙም እንዳይመሰክር፣ አፍንጫው ስለታሸገ ሲናገር «ቀለበት» የሚለው ራሱ ሌላ ነገር ይመስላል።

5ኛ. ስለዚህ ወደ መሥሪያ ቤትዎ ጽፌ፣ ከሌላ ቤት የመጣው ከእኛይቱ ካሜራ ጋር እንደማይገጥም ገልጬ፣ እንዲህ ያለ ብረት መኖሩን በአንድ መስመር እንዲመሰክሩልኝ ለመንኩ። የተከበረው መሥሪያ ቤትዎም «ከሌላ ቤት ምርት ጋር ለሚፈጠር ማናቸውም ግንኙነት ኃላፊነት አንወስድም» ሲል ፈጣንና ትሕትና የተሞላበት መልስ በመስጠቱ አመሰግናለሁ። ይህን በሁለቱ ቤተሰብ ፊት ሳነበው የሙሽራው እናት አጨበጨበች፤ «አያችሁ! ፋብሪካውም ያውቃል!» አለች። በዚያ ቀን ቀኝ ክንዴ ከነጄሶው በአክስቴ የተረከዝ ጫማ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰበረ፤ ከእኔ ወገን በመሆኗ የመታችኝ በስስት ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ቀለበት ሲል የሌንስ ነበር» የሚል አንዲት መስመር፣ ከማኅተም ጋር። የአንዲት ሴት ትዳር በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሏል። ክሬን አድራሻዎን ደጋግሞ ጠይቆኛል። ለክብርዎ ስል አልነገርኩትም፤ ይሁን እንጂ በማደንዘዣ ውስጥ ሆኜ ምን እንደምቀባጥር ማረጋገጫ መስጠት አልችልም።

በሚያጠብቡት አፍ ሁሉ ዘመንዎ የሰፋ እንዲሆን የምመኝ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም መዞር ያቃተውን አንገቴን በአክብሮት ለማጎንበስ ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣ ታማኝ ደንበኛዎ፣

ፎቶ አንሺው፣ የሙሽሪት ወንድም

ከደብዳቤው የተረፈ፦ ይህን አሽጌ ልልከው ስል ዙም የካሜራዋን ካርድ በመቆንጠጫ አወጣው። ወንበሩ በወረደበት ሰዓት የማንሻ ቁልፏ ተጭኖ ቀርቶ፣ ጠረጴዛ ሥር ስትገባ አንድ ፎቶ አንሥታለች። ቀለበት የገባባት ካሜራ ሩቁን ስለማታይ እናቴ፣ ክሬን፣ አክስቴ፣ የሚበርሩት ወንበሮች ሁሉ ጉም ናቸው። ቅርቡ ግን ጥርት ብሏል። ሙሽራውና እህቴ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጠዋል፤ እሱ የኬኩን ትሪ በራሷ ላይ ደፍቶላት፣ እሷ በጉልበቷ ላይ ጠርሙስ አዘጋጅታ፣ እየተያዩ በሳቅ ይፈርሳሉ። የወርቁ ቀለበትም ጣቷ ላይ ነው፤ ልክክ ብሏል። እህቴ ፎቶውን እንዳየች ከነነጠላ ጫማዋ ወጥታ ወደ ሙሽራው ቤት ሄደች። እናቴ መጥበሻ ይዛ ተከትላታለች፤ ለመምታት ይሁን ለቤታቸው ዕቃ ለማዋጣት እስካሁን አልተገለጸም።

ማረሚያ፦ አስቀድሞ ወደ መሥሪያ ቤትዎ በላክሁት ማመልከቻ «ከሌላ ቤት የመጣው ከእኛይቱ ጋር በምንም ዓይነት መንገድ አይገጥምም» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ በሚከተለው እንዲታረም እንጠይቃለን፦ ገጥሟል። አሁን ያቃተን ማላቀቁ ነው።