ምሕረቱ የቀረበት ኮረብታ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ገልገሎ፣

ካለሁበት ከጆሃንስበርግ እጅ ነስቼ፣ ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። እንዴት ከረሙ? ያ ቁርጥማት ተሻለዎት ወይስ ዘንድሮም ክረምቱን ሙሉ ይዞዎት ሰነበተ? እናቴስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻለች? ዝናቡ በወቅቱ ጣለላችሁ ወይስ እንዳምናው አሳይቶ ነሳችሁ? ማሽላውስ እንዴት ነው?

እኔ፣ ባለቤቴ ሽጉጤና ልጃችን እምነት በሥጋ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሱቁም እንደ ወትሮው ይሠራል። ልባችን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ ለማለት እንኳ እጄ ዘገየ። ቢሆንም እንኳን አደረሳችሁ።

እህቴ መሰረት፣ ይህን ወደ አፋችን፣ ወደ ኮንሶኛ፣ እየመለስሽ ስታነቢላቸው ቀስ በይ። የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪ፤ እኔም ሳልዘል ነው የጻፍኩት።

አባባ፣ ወንድሜ ምሕረቱ እንግሊዝ አገር ከሞተም በኋላ ስሙን እንዳላነሱ፣ ለቅሶው ላይ እንኳ ከሰው ጋር ተቀምጠው አንድ ቃል እንዳልተነፈሱ ሰምቼ ነበር። እኔ መቃብሩን አይቼ በተመለስኩ በሳምንቱ ግን መሰረት ደወለችና “አባባ ልጄ የተቀበረበት አገር ምን ይመስላል ብለው ጠየቁኝ” አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ከሱቁ ጀርባ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በስልክ ልነግርዎት አሰብኩና ፈራሁ፤ መሀል ላይ ተነስተው ይሄዱብኛል ብዬ። ለዚህ ነው የጻፍኩልዎት።

የእንግሊዝ ቪዛ ለማግኘት ስድስት ወር ደጅ ጠናሁ። ጥር ላይ ለሞተ ወንድሜ የደረስኩት ነሐሴ ላይ ነው። እምነትን ይዤ ሄድኩ፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እንግሊዝኛው እንደ አፍ መፍቻዋ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሱቅ እንግሊዝኛ አልፌ አላውቅም። ከሊድስ ከተማ በባቡር ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። ጣቢያው ላይ ምሕረቱን ሦስት ዓመት ያሠሩት ሽማግሌ፣ አቶ አርተር፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ይጠብቁን ነበር። ቁመታቸው ረዥም፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ እጃቸው ግን የእርስዎ እጅ ነው። ስጨብጣቸው ደነገጥኩ፤ መዳፋቸው ልክ እንደ እርስዎ ሻክሮ ተሰነጣጥቋል።

አገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ነው እንዳልልዎት ጫፍ የለውም፤ ሜዳ ነው እንዳልልዎት ደመናው ትከሻ ላይ ያርፋል። ዛፍ የሚባል የለም። ቤት ካዩ በኋላ ሌላ ቤት ለማየት ብዙ ይሄዳሉ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጥና ውኃ ያቁራል። ነፋሱ አያርፍም። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቁጥቋጦ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖታል፤ እኛ በሄድንበት ወቅት ሁሉም ሐምራዊ አብቦ ነበር። እምነት ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ምነው ብላት፣ አጎቴ የሞተበት ቦታ እንዲህ ማማሩ አናደደኝ አለችኝ።

ከሁሉም በላይ ልነግርዎት የምፈልገው ግን ስለ ካቡ ነው። አባባ፣ ያ አገር ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ካብ የተሸነሸነ ነው። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። እንደኛ እርከን አፈር ለመያዝ ሳይሆን በግ ለመከለል ይካባል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚህም እዚያም ይናዳል፤ የሚጠግን እጅ ደግሞ ጠፍቷል።

የምሕረቱ ሥራ ይህ ነበር። መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው ያልኳችሁ እሱ እንዲያ በዪ ስላለኝ ነው። “ዕድሜዬን ድንጋይ ሳነሳ አልጨርስም” ብሎ፣ እርከኑ በጎርፍ በተናደ ሰሞን እርስዎን ብቻዎን ጥሎ ወጥቶ፣ ሱዳንና ሊቢያን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ መጨረሻ ላይ ድንጋይ ይዞ መገኘቱ አሳፍሮታል። “አባባ ከሰማ ይስቅብኛል” ይለኝ ነበር። ይስቁበት ነበር ወይ? እኔ እንጃ። የሚስቁ አይመስለኝም።

አቶ አርተር እንደነገሩን፣ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን ሕግ ሊያስተምሩት “አንዴ ያነሳኸውን ድንጋይ ቦታ ሳትፈልግለት መልሰህ አታስቀምጥ” ሲሉት ምሕረቱ ሳቀ። ምን ያስቅሃል ቢሉት፣ ይህንን እኮ ስድስት ዓመቴ ላይ ከአባቴ ሰምቼዋለሁ አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አላስተማርኩትም፣ አብረን ሠራን እንጂ አሉን። ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርዎት። በዚያ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ በመንደሩ ምሕረቱ የሚለውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ዳቦ የምትሸጠውም፣ ፓስተሩም፣ በግ አርቢውም “ገልገሎ” ነበር የሚሉት። እርስዎ የልጅዎን ስም በቤትዎ እንዳይነሳ ሲከለክሉ፣ የእርስዎ ስም በዚያ ኮረብታ ላይ ከጧት እስከ ማታ ይጠራ ነበር።

አሟሟቱን ልንገርዎት። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። እስከ ቀትር ሠሩና በረዶ መጣል ጀመረ። አቶ አርተር እዚሁ እደር አሉት። እሱ ግን በማግስቱ ሊድስ ባለው የአበሾች ኅብረት መዝሙር የሚመራው እሱ ስለነበር፣ ኮረብታውን አቋርጬ አውቶቡስ እይዛለሁ ብሎ ሄደ። መቶ ጊዜ የሄደበት መንገድ ነው፤ የአንድ ሰዓት መንገድ። መሀል ላይ ጉም ወረደ። ያን አገር ጉም ሲይዘው ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም አሉን። እሑድ ረፋድ ላይ ፈላጊዎች አገኙት። ነፋሱን ተከልሎ ካብ ሥር ተቀምጦ ነበር። አውቶቡሱ የሚያልፍበት አስፋልት ከተቀመጠበት አራት መቶ እርምጃ አይሞላም። እኔ ራሴ ቆጥሬዋለሁ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት ነው። ጉም ባይኖር መኪናው ሲያልፍ ያየው ነበር።

አቶ አርተር እዚያ ቦታ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ቆሙ። በኋላ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ፤ እምነት ወዲያው አልተረጎመችልኝም። ስጠይቃት “ማሚ፣ እጁን ይዤ ባስቀረው ኖሮ ነው የሚሉት” አለችኝና አለቀሰች። እኔም አቀፍኳቸው። በአማርኛ የእርስዎ ጥፋት አይደለም አልኳቸው፤ ሳይተረጎምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሁን የከበደኝ ጋ ደረስኩ። አባባ፣ በ2016 ለገና ቤት መጥቼ ሳለ ምሕረቱ እንደደወለ ያስታውሳሉ። አባባን አገናኚኝ፣ ሰላም ብቻ ልበለው ብሎ ለመነኝ። ስልኩን ወደ እርስዎ ዘረጋሁ፤ እርስዎ ፊትዎን አዞሩ። እኔም ለወንድሜ አዝኜ፣ አባባ እርሻ ወርዷል ብዬ ዋሸሁት። እሺ አለና ስለ እናቴ፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ ጠየቀኝ። ያ ውሸት ታምኖልኛል ብዬ ስኖር ነበር።

አቶ አርተር ቤታቸው ወስደው ሾርባ አቀረቡልን። እየበላን ሳለ ቀና ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። እምነት “አያቴ አሁንም ያስላቸዋል ወይ እያሉ ነው” አለችኝ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የአባቴን ሳል እንዴት አወቁት አልኳት። ሽማግሌው እንዲህ ብለው ነገሩን። ያን ገና ሰሞን ምሕረቱ ሥራ ገብቶ “እህቴ አባቴ እርሻ ሄዷል አለችኝ። ግን አጠገቧ ሲያስል ሰማሁት። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ተነስቶ አልወጣም” አላቸው። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ፣ ያን ቀን ሲክብ እያፏጨ ነበር አሉ።

አባባ፣ እኔ ስዋሸው እሱ ሰምቶ ዝም ብሎኛል። እንዳላፍር ብሎ ስለ ፍየል ጠየቀኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝምና እርስዎን እጠይቃለሁ። ያን ቀን ድምፁን ለመስማት ብለው ነበር የተቀመጡት? መልስ አልፈልግም፤ ከፈለጉ ለራስዎ ይመልሱት። እኔ ግን በክፋት አላየሁብዎትም። በጎርፍ የተናደውን እርከን ብቻዎን መልሰው ሲክቡ ስንት ዓመት እንደፈጀብዎት አውቃለሁ።

መቃብሩ ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሣሩ ይታጨዳል። እስካሁን የእንጨት ምልክት ብቻ ነበረው። የአገሩ ሰው ድንጋይ ሊያቆምለት ምን ብለን እንጻፍ ብሎ እኛን ሲጠብቅ ቆይቷል። እኔ “ምሕረቱ፣ የአቶ ገልገሎ ልጅ፣ ከኮንሶ” ይባል አልኩ። እርስዎን ሳላስፈቅድ ነው። ከተቆጡ በእኔ ላይ ይቆጡ፣ ጽሑፉ ግን ተቀርጿል። መሰረት አፈር አምጪ ብላኝ ነበር፤ ጎንበስ አልኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ድንጋይ ይጠርብበት የነበረውን መዶሻውን አቶ አርተር ሰጥተውኛል፤ አስተማማኝ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

እዚህ አይቮሪ ፓርክ ተመልሼ ሱቁን በከፈትኩበት ጠዋት፣ ሁልጊዜ ሻማና ስኳር የሚገዙት አሮጊት፣ ጎጎ የምንላቸው፣ በሱቁ መስኮት ፍርግርግ ብረት በኩል እጃቸውን አሾልከው እጄን ያዙኝ። ወንድምሽን አየሽው ወይ አሉኝ በዙሉኛ። አየሁት አልኳቸው። ምንም ሳይገዙ ቆመው ዝማሬ አሰሙኝ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጠበቀን። ሰው በሰው አገር እንዲህ ያለ ወገን ካገኘ፣ ምሕረቱም አግኝቶ ነበር ብዬ እጽናናለሁ። መጽናናቱ ግን ብዙ አይቆይልኝም። ሽጉጤ ከከተማ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ፊቴን ታጥቤ ነው የምጠብቀው።

ሽጉጤ ጉልበትዎን ይስማል። እምነት አያቴን ሰላም በዪልኝ፣ በታኅሣሥ ትምህርት ሲዘጋ መምጣት እፈልጋለሁ ብላለች። መሰረት፣ አንቺንና ልጆችሽን በያላችሁበት እስማችኋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ለቅሶ ለደረሱን ጎረቤቶች ሁሉ ምስጋናዬን አድርሱልኝ።

ለእናቴም አንድ ነገር ንገሩልኝ። ልሄድ ስል በስልክ “በርዶት ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ” ብላኝ ነበር። ጠይቄአለሁ። የለበሰው ሁለት ሹራብና የአቶ አርተር ባለቤት የሰጡት ወፍራም ካፖርት ነበር። መጀመሪያ በርዶታል፤ ይህን አልደብቃትም። የመረመረው ሐኪም ግን ብርድ የሚገድለው ሰው መጨረሻው ላይ ብርዱ ይተወዋል፣ ሙቀት ይሰማዋል ብሎ ለአቶ አርተር ነግሯቸዋል። ሲያገኙት ካፖርቱን አውልቆ፣ በወጉ አጥፎ፣ ጎኑ አስቀምጦት ነበር። ሞቆት ነበር በሏት።

ልጅዎ ፍሬገነት ገልገሎ

ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ
መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.