ቱርቦ ይገጠምላት ወይስ ይቅር?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው መካኒኬ ከድር ለስፖርት መኪናዬ ቱርቦ ልግጠምላት ማለት ከጀመረ ሳምንት ሆነው። «ወላሂ ትበራለች!» ይላል። እኔም ጓጉቻለሁ። ግን መጀመሪያ ያላትን ጉልበት ልየው ብዬ ዛሬ ጠዋት ወደ አሰንዳቦ ነዳኋት።

አራተኛ ማርሽ ሳስገባ ከብት መንገዱን ይሞላዋል። ከብቱ ሲያልፍ ባጃጅ ይገባብኛል። አሰንዳቦ ልደርስ ስል ደግሞ የአስፋልቱን ግማሽ ለፀሐይ የተሰጣ ቡና ይዞታል። ቡናውን የሚያገላብጡ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው «ሱታ ልጄ፣ ሱታ! ቀስ በል!» አሉኝ። ሞተሩ እያጓራ በኤሊ እርምጃ አለፍኩ። እሳቸውም መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይሄ ሁሉ ጩኸት ለዚህች ሩጫ ነው?» አሉ።

እንዳፈርኩ ተመለስኩ። ከድር ገና ሳልወርድ «አምስተኛ ማርሽ ላይ እንዴት ነች?» ሲል ጠየቀኝ።

አሰብኩ። ከገዛኋት ግማሽ ዓመት አለፈ፤ ከዛሬ በፊት ከጅማ ብዙ ርቄባት ስለማላውቅ አንድም ቀን አምስተኛ አስገብቼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኩት። ራሱን እያከከ «እኔም የሞከርኳት እስከ ሦስተኛ ነው» አለ።

የቱርቦውን ነገር ሁለታችንም አላነሳነውም። አምስተኛዋ ግን ትሠራ ይሆን? ነገ ማለዳ ወደ ሸቤ በሚወስደው መንገድ ብሞክራትስ?