ለሣጥንሽ መተንፈሻ

ይድረስ ለእህቴ ለሞሚና፣ ጂዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም እህት ዓለም። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ያ ሥራ ሲበዛ የሚነሣብሽ የወገብ ሕመም ተወሽ ወይ? አብራሽ የምትኖረው ፋጤስ ደህና ናት? እኔና እማዬ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን፤ ከቤታችን የጎደለው ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው። ሰሞኑን ዝናብ ጣል አድርጎልናል፤ ሙቀቱ ግን አልበረደም። የኔም ጭንቀት ከዚሁ ከሙቀት ነው።

የአሠሪሽ ልጅ ጣለው ብለሽ በሐጂ ጂብሪል እጅ የላክሽልኝ ኮምፒውተር የውጪ አካሉ ተሰብሮ ስለ ነበር ተፈታትቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የደረሰኝ። በምን ላኑረው ብዬ ስጨነቅ እማዬ፣ «ልጄ የላከችው ልጄ በተወችው ውስጥ ይቀመጥ» ብላ ያንን አበባ የተሣለበትን የቆርቆሮ ሣጥንሽን ባዶ አደረገችልኝ። ልብሶችሽ ታጥፈው በአልጋዋ ሥር ናቸው፤ ሐሳብ አይግባሽ። እኔም ጣውላ አንጥፌ፣ ከቆርቆሮው በጎማ ለይቼ ገጣጠምኩት። ሠራ!

ችግሩ ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ውስጡ ይግልና ጥቂት ሠርቶ ፊደሉ ይበታተናል፤ ከዚያ ድርቅ ይላል። ክፍት ልተወው ስል ደግሞ አቧራው አለ፤ እማዬም «የሰው ዓይን ይበላዋል» እያለች ዘወር ባልኩ ቁጥር በዳንቴል ትሸፍነዋለች። የገለምሶ መስመር ሹፌሩ ዓሊዩ፣ ፊቱን የሚያራግብባትን ትንሽ ቬንትሌተር ከመኪናው ነቅሎ ሰጠኝ። ውስጥ ባስራት የጋለውን አየር እዚያው ማማሰል ብቻ ሆነ። ትኩስ አየር ወደ ላይ ሂያጅ ነው፤ ከታች ቀዝቃዛው የሚገባበት፣ ከላይ ትኩሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ካልተከፈተለት የት ይሂድ?

ይህን ስላት እማዬ የቆርቆሮ መቀሱን ቀማችኝ። «በሠርጓ ቀን ሣጥኗን ወንፊት አድርገን ልንሸኛት ነው? አይጥስ ልብሷ ውስጥ ቢገባ?» አለች። የሽቦ ወንፊት እለጥፍበታለሁ ብላት፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ቆርቆሮ ለመብሳት ነው?» ብላ ጎረቤታችንን ጥሩነሽን አሳቀችብኝ። ትናንት ስሠራ ግን ክዳኑን ገርበብ አድርጋ በእሳት ማራገቢያዋ ስታራግበው ዋለች። እጇ ሲዝል ማሽኑም ይቆማል።

እህት ዓለም፣ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ነገ ሰኞ ማሽኑን ይዤ ቢሮ እቀርባለሁ። ከሂርና፣ ከመሰላና ከገለምሶ የመጣውን የምርት ሂሳብ ሳይቆም ደምሮ ካወጣ፣ አለቃችን አቶ ሞገስ እዚሁ እንድቀር ይጽፍልኛል። ከቆመ ግን፣ «ምደባህ ጎሬ ነው፣ ጓዝህን ሸክፍ፤ እኛ እዚህ የመጫወቻ ሱቅ አልከፈትንም» ብሎኛል። አባታችን የሉ፣ አንቺ የለሽ፤ እኔም አገር አቋርጬ ጎሬ ከሄድኩ እማዬ ከማን ጋር ትቀራለች? መልስሽ ለነገ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ግን ሣጥኑ ያንቺ ነውና ሳልነግርሽ መቀስ ለማንሣት እጄ እምቢ አለኝ። እማዬም የፈራችው አይጡን አይመስለኝም። ሣጥኑ ከተቀደደ አትመጪም ብላ ነው።

እዚህ ድረስ ጽፌ እንደ ልማዳችን አነበብኩላት። የመጨረሻውን ልዘለው አስቤ ነበር፤ አልዘለልኩም። እማዬ ተነሥታ ከሰል አመጣችና ሣጥኑን አዙራ ከጀርባው ሁለት ክብ ሣለች፤ አንዱን በዚህ ጥግ ከታች፣ አንዱን በዚያኛው ጥግ ከላይ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ቅደድ። አበባውን እንዳትነካብኝ» አለች።

ቀደድኩት። ቬንትሌተሯን የላይኛው ቀዳዳ ላይ፣ ፊቷን ወደ ውጪ አድርጌ አሰርኳት። ይኸው ከቀትሩ የዙህር ሶላት ጀምሮ ክዳኑ ተዘግቶ እየሠራ ነው። እማዬ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ በየመሐሉ በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ልቤ ግን አላረፈም፤ የቢሮው ክፍል ከቤታችን የባሰ ይግላል። ዱዓ አድርጊልኝ።

ፋጤን ሳሚልኝ። ሐጂ ጂብሪል ሰላም ብለውሻል። ጥሩነሽ «የላከችልኝ ሽቶ አልቋል በልልኝ» ትላለች። ዓሊዩ ሰላምታውን ልኮ፣ በላብ እየተጠመቀ እንደሚነዳ ንገራት ብሏል። እማዬ ደግሞ ቃሌን ሳትለውጥ ጻፍ ብላኛል፦ «ሣጥንሽን ቀደንብሻል። መጥተሽ ተቆጪን።»

ወንድምሽ አብዱላሂ
አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.