አንቴናው ወደ ጣሪያዬ ይመለስ

ለሳተላይት ትምህርት ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 9

ጉዳዩ፦ ከመኖሪያ ቤቴ ጣሪያ የተነሣው አንቴና ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬን በመጻሕፍት አርታዒነት የፈጸምሁ፣ ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ብቻዬን የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ወደ ጣሪያው የሚያወጣው ደረጃ በሳሎኔ በኩል ያልፋል።

2. ማዕከሉ ተማሪዎች የሠሯትን፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጠውን ሳተላይት ወደ ሰማይ በላከ ጊዜ፣ ዙሪያው የተገለጠ ቦታ ፈልጎ አንቴናውን እኔ ጣሪያ ላይ አቆመ። ሳተላይቷ ዝቅ ብላ ስለምትዞር ከአናታችን የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተማሪዎቹም አንቴናውን በእጅ እያዞሩ ይከተሏታል። ጫማቸውን ከበር አውልቀው ይገቡ ነበር፤ ወሬያቸውን ከበር የሚያስቀር ግን አልነበረም።

3. «መጣች! መጣች!» ሲባል እኔም እወጣለሁ። ለእኔ ፉጨት ብቻ ከሚመስለኝ የሳተላይቷ ድምፅ እነርሱ የባትሪዋን ጉልበትና የሙቀቷን ልክ ያነባሉ። ማዞሩንም አስተማሩኝ። እጄ ሲቸኩል «ጋሼ፣ ቀስ! ጥለዋት ሄዱ እኮ!» ይሉኛል። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ መታረም እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

4. በሌላ ከተማ የምትኖር ልጄ ስትደውል «ቤቱን ገበያ አደረጉት፣ እረፍት የሚባል ነገር የለም» አልኋት። ሽማግሌ ሲደላውም እንደሚያማርር ዘንግታ፣ ሳታማክረኝ ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፈች። መሥሪያ ቤትዎም ለእረፍቴ አስቦ አንቴናውን አነሣ። ሁለታችሁም በቅንነት ያደረጋችሁት ስለሆነ አልወቅስም፤ የዚህ ማመልከቻ ግልባጭ ግን ለልጄ እንዳይደርስ አደራ እላለሁ።

5. ከተማሪዎቹ አንዷን በቅርቡ መንገድ ላይ አግኝቼ ነበር። «አዲሱ ቦታ ግማሹን ሰማይ ሕንፃ ይዞብናል፤ ገና ሰላም ሳንላት ትሄዳለች» አለችኝ። ጉዳቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑን ክቡርነትዎ ከዚህ ይረዱልኛል።

6. ማዕከሉ በሩ ላይ የሚለጥፈውን የሳተላይቷን የማለፊያ ሰዓትና አቅጣጫ እያየሁ አሁንም ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። መንገዷን ስለማውቀው፣ ብቅ ከምትልበት እስከምትጠልቅበት ድረስ በከዘራዬ እከተላታለሁ። ባለፈው ሳምንት በወዲያኛው ጣሪያ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ደግሞ ማንን ነው በዱላ የሚያሳድዱት?» ብትለኝ፣ ከዘራዬን ሳላወርድ እስክትጠልቅ ተከተልኋት። ከዘራ ድምፅ አይቀበልም። ከዚያም ወደ ሳሎኔ እወርዳለሁ፤ በሩ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ አለ፤ የራሴ።

7. ሳተላይቷ ከፍታዋ እየቀነሰ ሄዶ በመጪው ዓመት አየር ውስጥ ተቃጥላ እንደምታልቅ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። ስለዚህ የቀራት ዕድሜ እስኪያልቅ ድረስ አንቴናው ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ተማሪዎቹም እንደ ቀድሞው እንዲመጡ ይታዘዝልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ጩኸትን በተመለከተ ወደፊት ቅሬታ ባሰማ እንኳ እንዳልታመን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የጣሪያውን በር አልቆለፍሁትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቀድሞ የመጻሕፍት አርታዒ፣
የጣሪያው ባለቤት