ሁለት ማመልከቻ ለአንድ ቤት

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ብርሃንነሽ፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ይህን የጥቅምት ብርድ እንዴት ቻለው? ዐይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ ሳያቋርጡ ያደርጋሉ፣ ወይስ እንደ ልማድዎ «ይበቃኛል» ብለው ከመስኮቱ ላይ አስቀመጡት? ደብዳቤውን የምታነብልዎ የልጅ ልጅዎ ሔራን መሆኗን ስለማውቅ እርሷንም ደኅና ነሽ ወይ እላታለሁ። ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ መካከል ላይ ቢቆጡም አታቋርጪ።

እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ በአካል ደኅና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ በሰቃ ወረዳ በኩል ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ ለቀማው ዘንድሮ ቀደም ይላል ይላሉ። ይህን የምጽፈው ዋናውን ነገር ለማዘግየት እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም። እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ባጃጅ ከደጃችን በቆመ ቁጥር መጡብኝ ብዬ በመስኮት አያለሁ። ማክሰኞ ዕለት በአባታችን ቤት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት፤ ሰኞ ቤት የሚመረምረው ኮሚቴ ከመሐንዲስ ጋር ይመጣል። ያመጣሁትም እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ምክር ቤት በመስከረም ሁለት ውሳኔ አሳለፈ። አንደኛው ቤታቸው ለመውደቅ ለተቃረበ አረጋውያን የማደሻ ድጋፍ ይሰጥ የሚል ነው። ሁለተኛው ጽኑ በሆነ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ አነስተኛ ነጋዴዎች የሦስት ዓመት የግብር እፎይታ የሚፈቅድ ነው። ከግርጌው ደግሞ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ታድሶ የማይድን ቤት ይፈርሳል፣ ቦታውም ፎቅ ለሚሠራ ባለሀብት ይሰጣል ትላለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስጽፍ የኖርሁት ሰው ያችን አንቀጽ በቅጡ አላነበብኋትም።

ከማስተማር በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ በማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እንደምጽፍ ያውቃሉ። አሁን የሚጻፈው በኦሮምኛ ነው፤ ቋንቋው ቢለወጥም እንባው ግን ያው ነው። አባታችን «እንባ የሌለበት ማመልከቻ መልስ አያገኝም» ይሉ አልነበር? ያ የዴዶ ባላገር ትዝ ይልዎታል? አባታችን «አንድ በሬ እንኳ የሌለኝ ድኻ ነኝ» ብለው ሲጽፉለት ሁለት በሬዎቹ ከደጃችን ታስረው አጥራችንን ይግጡ ነበር፤ እርስዎ ሣቅ አፍኖዎት ወደ ጓሮ ሮጡ። እኔም ሣቅሁ፤ ነገር ግን ተማርሁበት።

በዚያ ትምህርት የራሴን ቤት «ጣሪያው ሰማይ የሚያሳይ፣ ምሰሶው የበሰበሰ፣ ለሰው ቀርቶ ለእንስሳ መጠለያ የማይበቃ» ብዬ ጻፍሁት። የሚያፈሰው እርስዎ የሚያውቁት የምሥራቁ ማዕዘን ብቻ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በመንገድ ዳሩ ክፍል ልብስ የምትሰፋው ተከራያችን ሶረቲ ለግብር እፎይታው ጻፉልኝ ብላ መጣች። ለእርሷም «መሠረቱ ድንጋይ፣ ምሰሶው ዝግባ፣ ለሥራ የተመቸ ጽኑ ቤት» ብዬ ጻፍሁላት። የቤቱ ቁጥር አንድ ነው፤ ጽሕፈቱም የእኔ ነው። ይመኑኝ፣ ስጽፋቸው የሚጣሉ ሆነው አልታዩኝም። አንዱ የድጋፍ ነው፣ አንዱ የግብር፤ እያንዳንዱን በየወጉ ጻፍሁት።

በቀበሌው መዝገብ የምትይዘው አቢጊያ የምትባል ወጣት አስጠራችኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ መሐንዲሱ የቱን ቤት ሊያይ ይምጣ? ሰማይ የሚታይበትን ወይስ የዝግባውን?» አለችኝ። የመጀመሪያው እውነት ነው ከተባለ ቤቱ ይፈርሳል፤ የእርስዎም ድርሻ አብሮ ይሄዳል፤ ሶረቲም የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ትወጣለች። ሁለተኛው እውነት ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ በሐሰት የጠየቅሁ ሰው ነኝና በሕግ እጠየቃለሁ። በሰባ ስድስት ዓመቴ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ይታየኛል።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። አቢጊያ ከመሳቢያዋ የጎረቤቶቻችንን ማመልከቻዎች አወጣች፤ ሁሉንም የጻፍኋቸው እኔ ነኝ። «በእርስዎ ሰፈር ምሰሶው ያልበሰበሰ ሰው የለም እንዴ ጋሼ?» አለችና፣ የእኔ ቤት እስኪመረመር ድረስ በእኔ እጅ የተጻፈው የሌሎቹ ሁሉ ሳይታይ ይቆይ መባሉን ነገረችኝ። ከእነዚያ መካከል የጥሩወርቅ አለ። ጥሩወርቅን ያውቋታል፤ ከእኛ ቤት በታች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያለችው። የእርሷ ቤት በእውነት ዘሟል። ምርጉ ረግፎ ማገሩ ይታያል፤ ግድግዳውን በሁለት ባላ ደግፋ ነው የምትኖረው። ለእርሷ የጻፍሁት ቃል በቃል ለራሴ የጻፍሁትን ነው። ልዩነቱ የእርሷ እውነት መሆኑ ብቻ ነው፤ እውነቷን በእኔ ሐሰት አረከስሁባት። ትናንት በደጄ ስታልፍ «ያ ወረቀት መልስ መጣለት ይሆን? ዕድሜ ይስጥዎ፣ ሲያነቡልኝ እኔው በራሴ ኑሮ አለቀስሁ» አለችኝ።

ለሶረቲ ነገርኋት። ፊቴን አይታ «ማል ታቴ አባባ፣ ምን ሆነዋል?» ስላለችኝ መደበቅ አልቻልሁም። መቀሷን አስቀምጣ «እና ጠዋት ያፈረሱትን ቤት ከሰዓት በኋላ ሠሩት? እንዲህ ያለ ግንበኛ ጅማ የላትም» አለችኝ። ልሥቅ ቃጣኝ፤ አልሆነልኝም። ቀጥላም «አሁን ደግሞ ሌላ እንባ እንዳይጽፉ። ሄደው የሆነውን ብቻ ይንገሯቸው» አለችኝ።

እኔ ያለ ወረቀት መናገር አልችልም። ስለዚህ ጻፍሁ። «ቤቴ ቆሟል፤ የሚያፈሰው አንድ ማዕዘን ነው። ስለ ቤቴ ለድጋፍ የጻፍሁት ሐሰት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ግን ሊወድቅ ነው። እባካችሁ አስቀድማችሁ እርሱን እዩ።» በዕድሜዬ እንዲህ አጭር ጽፌ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ይዤው እስከ ቀበሌው በር ደርሼ ተመለስሁ። እግሬ እንቢ አለኝ እንዳልል፣ እግሬስ ደኅና ነው፤ እንቢ ያለው ሌላው ነው።

የመሥሪያ ቤትን ወግ ያውቃሉ፤ ግልባጭ የተደረገ ደብዳቤ ወጪ ሆኗል፣ መልሶ መሳቢያ ውስጥ መክተት አይቻልም። ስለዚህ ግልባጩን ለእርስዎ አድርጌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ነገ ማለዳ ለአውቶቡሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ሰኞ ደግሞ ዋናውን ይዤ ኮሚቴውን በደጃችን ሳይሆን በጥሩወርቅ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይህ ሲደርስዎ ሰኞ አልፏል። የተወለድንበት ቤት መቆሙን ወይም አለመቆሙን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ዛሬ አላውቅም። ቢቆጡኝ ይገባኛል። ብቻ ቁጣዎን እስኪጽፉልኝ ድረስ በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ለልጅዎ ለአበራሽ ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ። ለባሏ ለአዲስ፣ ስለ እርሻው ሥራ አምላክ ይርዳው ብያለሁ። ሔራንን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ ጽሕፈቷን እንዳትተው፣ ነገር ግን ያየችውን ብቻ እንድትጽፍ ይንገሯት። ሶረቲ እጅ ትነሣለች። ጥሩወርቅም ለእርስዎ እንደምጽፍ ሰምታ፣ ምንም ሳታውቅ፣ «እኔም ደኅና ነኝ በሉልኝ» ብላለች።

ታናሽ ወንድምዎ ዓምደሚካኤል
መንደራ ቆጪ፣ ጅማ
ዓርብ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.