ሳይከፈት የኖረው ቅጂ

ሰኞ

ባዶ ነው! አምስት ወር ሙሉ ፕሮግራሙ «ቅጂው ተሳክቷል» እያለ ሪፖርት ሲያወጣለት የኖረው የመጠባበቂያ ፋይል ውስጡ ምንም የለም። ዛሬ አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ልከፍተው ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። የስንት ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የተመዘገበበት ዳታቤዝ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው። የቅጂው ዲስክ ራሱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተጋድሟል፣ አቧራ ለብሶ። ኃላፊያችን አቶ ግርማ በየወሩ «ተረጋግጧል» ብለው ፈርመዋል። አንዴም ሳያዩት። ቀፈፈኝ። እኔም እኮ ከፍቼው አላውቅም። ይሄኛው ይበልጥ ቀፈፈኝ።

ማክሰኞ

ነገርኳቸው። «ሰርቨሩ እየሠራ አይደል? ምን ታካብጃለሽ?» አሉኝ፣ ጥርሳቸውን በስቴኪኒ እየጎረጎሩ።

ከሥራ ባልደረባዬ ከአጣሂር ጋር ተቀመጥን። በየቀኑ ሙሉውን መገልበጥ? አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የአሶሳ መብራት ያን ያህል አይታገስም። በኢንተርኔት አዲስ አበባ መላክ? አጣሂር ሳቀ። በሳምንት አንዴ ሙሉውን፣ በየቀኑ የተለወጠውን ብቻ? ይሄ ያስኬዳል። «ዲስኩ ግን ከዚህ ግቢ ይውጣ» አለ።

ረቡዕ

ከድባጤ ወረዳ አንዲት ሴት መጣች። ቤቷ ሲቃጠል የባሏ የሞት ማስረጃ አብሮ ነዷል፤ ያለሱ መሬቱን በስሟ ማዞር አልቻለችም። ፈልጌ አገኘሁላት። ወረቀቱን ተቀብላ፣ «እዚህም ቢቃጠልስ፣ ሌላ ቦታ አለ?» አለችኝ።

አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «አለ እንጂ!» አሏት፣ ፈገግ ብለው።

ስትወጣ «እንዴት ይዋሿታል?» አልኳቸው። «የፈለግሽውን አድርጊ፤ ብቻ ያለፈውን አታንሺ» ብለው ሄዱ።

ሐሙስ

ጠዋት መገልበጥ ጀመርን። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የለም ተባለ። ጥበቃው አጣሂርን ወደ ጎን ጠርቶ የአቶ ግርማን መኪና አሳየው፤ ሁለት ጀሪካን የቢሮው ናፍጣ ተጭኖበታል! «ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው» አሉ፣ ሳያፍሩ። ዓይናቸውን ማየት አስጠላኝ። ናፍጣውን ወሰድን፤ እንደገና ከዜሮ ጀመርን።

አርብ

ተከፈተ! አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ጫንነው፤ የመዝገቡ ብዛት ከሰርቨሩ ጋር ልክ። እንደመጣልን ሃያ ስም ጠራን፤ ሃያውም አሉ። ዲስኩን ከከተማው ማዶ ባለው ቅርንጫፋችን ካዝና ውስጥ አስቆለፍነው።

ከዚያ አቶ ግርማ ሪፖርት ይዘው መጡ፣ እንድፈርም። «በኃላፊው ተነሳሽነት የተከናወነ» ይላል። ስለ አምስቱ ወር አንድም ቃል የለም። በእስክሪብቶ ጨመርኩበት፣ የራሴንም ጥፋት ሳልደብቅ፣ ናፍጣውንም ሳልተው። ፈርሜ ሰጠኋቸው። አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይላኩት፣ ይቅደዱት አላውቅም።

ምሳዬን ግን በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሼ በላሁ።